ጀሙ፣ አብሽር፣ ቁጭ ብለህ አንብበው

ጀሙ ወንድሜ፣

አብሽር፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ የሞተም የታመመም የለም። ከጠፋፋን ስንት ኢድና ስንት ፋሲካ እንዳለፈ አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ ረስቼህ አይደለም፣ ስንገናኝ እንደፈለግክ ትሰድበኛለህ አሁን ግን እሱን እንለፈው።

ሰይድ ደውሎ ነገረኝ። ከፓርኪንግ ሥራህ ወጥተህ ሌሊቱን ኡበር ስትነዳ መሪ ላይ እንቅልፍ ጥሎህ መኪናው ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተጋጨ አለኝ፣ እኔ እዛው መጋዘን ውስጥ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰው አለመጫንህ፣ አንተም በሰላም መውጣትህ አልሐምዱሊላህ። ግን መኪናው ተሠርቶ እንደወጣ ወዲያው ሌሊት መንዳት ጀመረ ሲለኝ ነው የከፋኝ፣ እውነት ነው? አንተ እኮ ፒያሳ ሻይህን ሳትጨርስ ንቅንቅ የማትል፣ ሚኒባሱ ጥሎን ሲሄድ "ሌላ ይመጣል" እያልክ የምታበሽቀኝ ሰውዬ ነህ! ያ ጀማል የት ሄደ?

ልመክርህ አይደለም የጻፍኩት፣ ማለቴ ትንሽ ልመክርህም ነው፣ ዋናው ግን ሌላ ነው። ከባለቤቴ ከሄለን በቀር ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ሥራ ከአምስት ቀን ወደ አራት ቀን ልቀንስ ነው። አላባረሩኝም፣ አልታመምኩም፣ ራሴ ፈልጌ ነው።

እዚህ ሆላንድ ሕጉ ይፈቅዳል። ግማሽ ዓመት ከሠራህ በኋላ ሰዓቴ ይቀነስልኝ ብለህ በጽሑፍ ታመለክታለህ፣ ከሁለት ወር በፊት ማስገባት አለብህ፣ ድርጅቱ ትንሽዬ ካልሆነ በቀር አሠሪው ከባድ ምክንያት ካላቀረበ እምቢ ማለት አይችልም። አብረውኝ ከሚሠሩት አባቶች መካከል በሳምንት አንድ ቀን ልጅ ይዘው የሚውሉ አሉ፣ ማንም ሰነፍ አይላቸውም። ሄለን ራሷ ሦስት ቀን ነው የምትሠራው፣ እንደውም እዚህ ሀገር ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ሰዓቱን የሚቀንሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ደሞዙም ጡረታውም የሚጎድለው በነሱ በኩል ነው። ስለዚህ አሁን ተራው የኔ ነው ብዬ ነው። ቅጹን ሞልቼ ጨርሻለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

የመረጥኩት እሮብን ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እሮብ ግማሽ ቀን ነው የሚያስተምሩት። ባለፈው ፈቃድ ወስጄ ናቲን ላመጣው ሄድኩ። በሳይክል እየተመለስን ቦዩ ጋ ስንደርስ ደወሉ ጮኸ፣ መዝጊያው ወረደ፣ ድልድዩ ወደ ላይ ተከፈተና አሸዋ የጫነ ረጅም ጀልባ ቀስ እያለ ማለፍ ጀመረ። መኪናውም ሳይክሉም ቆሟል፣ ሞተሩን ያጠፋም አለ፣ ክላክስ የሚነፋ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ሺፍት አለፈኝ ብዬ ሰዓቴን እያየሁ አንጀቴ እርር ነበር የሚለው፣ የዛን ቀን ግን የምሮጥበት ነገር የለም። ናቲ ጀልባውን እያየ "አባዬ፣ ዋና ላይ በልብስና በጫማ ግቡ ሊሉን ነው፣ እኔ እፈራለሁ" አለኝ። እዚህ ልጆች የዋና ዲፕሎማ ይወስዳሉ፣ ሀገሩ ዙሪያው ውሃ ስለሆነ ድንገት ቦይ ውስጥ ብትወድቅ ብለው ልብስ እንደለበሱ ያስዋኟቸዋል። ይሄ ልጅ ፍርሃቱን ይዞ ስንት ሌሊት እንደተኛ አላውቅም። ማታ ስገባ "እንዴት ዋልክ" ስለው "ደህና" ብሎኝ ይተኛል፣ እኔም ደህና የዋለ ይመስለኛል። የልጅ ወሬ እንደዛ ነው ጀሙ፣ ስትጠይቀው አይወጣም፣ ምንም ሳትሠሩ ጎን ለጎን ስትቆሙ ነው የሚመጣው። አራተኛውን ቀን አምስተኛውን ቀን እያልኩ የማሰላው ሁሉ የዛን ቀን አለቀ።

ከዛ ወዲህ ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ። እዚህ ሰው በዓመት በአማካይ የሚሠራው ከ1,450 ሰዓት በታች ነው፣ እናንተ ጋ አሜሪካ ወደ 1,800 ይጠጋል። በመካከል ያለው ልዩነት ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ማለት ነው፣ ያንተን ሁለት ሥራ ሳልቆጥር። ኢኮኖሚውን ካየህ በ2023 የአሜሪካው ከ2 በመቶ በላይ አደገ፣ የዚህኛው አደገ ለማለትም ይቸግራል፣ ዜናው ሁሉ ቀዘቀዘ ቀዘቀዘ ነበር። ግን ሰው ስንት ዓመት ይኖራል ብትል እዚህ ወደ 82፣ እናንተ ጋ ወደ 78። የልጆች ደህንነት ሲለካ ደግሞ በ2020 ዩኒሴፍ ካወዳደራቸው ሀብታም ሀገሮች አንደኛ የወጣችው ሆላንድ ናት። ሁሉም ከሥራ ሰዓት የመጣ ነው አልልህም፣ ሕክምናው አለ፣ ሌላም ብዙ አለ። ብቻ እድገቱ ሲቀዘቅዝ ኑሮው ይፈርሳል የሚሉን ነገር ዓይኔ እያየ አልፈረሰም።

መንገዱን ልንገርህ፣ አንተ ሾፌር ስለሆንክ ይገባሃል። በ2019 እዚህ ፍርድ ቤት መንግሥት ከናይትሮጅን ብክለት ጋር በተያያዘ የሚሰጠው ፈቃድ ሕግ አያሟላም ብሎ ወሰነ፣ ብዙ ግንባታ ቆመ። ከዛ በማርች 2020 በቀን የአውራ ጎዳናውን ፍጥነት ከ130 ወደ 100 አወረዱት፣ ጭሱም እንዲቀንስ የቆመው የቤት ግንባታም እንዲቀጥል። እኔ ያኔ ተናድጄ ነበር። ሳሰላው ግን ከሮተርዳም ዩትሬክት ለመድረስ የሚጨምርብኝ ሰባት ስምንት ደቂቃ ነው። ለሰባት ደቂቃ ነበር ጥርሴን ነክሼ የምነዳው።

አትሳሳተኝ፣ ለሀገራችን እድገት ይቅርባት እያልኩ አይደለም። ታናሼ ዲግሪውን ይዞ ደሴ ተቀምጧል፣ እሱን ቀስ በል ብለው ይሰድበኛል፣ መብቱም ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ሥራ ሲጠፋ የሚመጣ ዝግታ ሌላ ነው፣ እሱ ረሃብ ነው። ግን እዛም ቢሆን የቀዘቀዘ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የኛ እናቶች ሰባት ስምንት ይወልዱ ነበር፣ በ2016 በተደረገው የሀገሪቱ ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 4.6 ነበር፣ አዲስ አበባ ደግሞ 1.8። እማ የኔን ልጆች "ሁለት ብቻ?" እያለች ታለቅሳለች፣ እኔ ግን እሷ ስምንቱን ለማብላት ራሷን ስታስርብ አይቻለሁ፣ አንተም አይተሃል። ሁለት መሆናቸው ነው ናቲን ለመስማት ጊዜ የሚሰጠኝ። እኔና አንተ ደግሞ መጀመሪያ የሮጥንበት ነገር እኮ ተሟልቷል። እህቶችህን አስተምረሃል፣ እዳህን ከፍለሃል። ከዛ ወዲያ ያለው ሌሊት ለምንድን ነው? መኪናውን ለመቀየር ከሆነ ይቅርብህ ጀሙ፣ በናትህ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ፣ እስካሁን ዙሪያውን የምዞረው ለዚህ ነው። ለእማ በየወሩ የምልከውን አልነካም፣ መድኃኒቷም የታናሼም ወጪ እንዳለ ነው። የሚቆመው ደሴ የጀመርነው ቤት ነው። ግድግዳው አልቋል፣ ዘንድሮ ጣሪያ ይለብሳል ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። አሁን ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ይዘገያል ስላት ወይ ታሟል ብላ ትታመማለች፣ ወይ ሚስቱ ነች ያደከመችው ትላለች፣ ሄለን ምን በወጣት! ሞክሬ ነበር፣ ስልኩን አንስቼ ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁት። እኔን አትሰማኝም፣ እማማ ከድጃን ግን ትሰማለች፣ መቼም እናትህ ያለችው ለሷ እንደ ሕግ ነው። እባክህ አንተ ለእማማ ከድጃ ንገርልኝ፣ እሷ ደግሞ ቡና ላይ ቀስ አድርጋ ታንሳላት፣ ልጅሽ ጤነኛ ነው፣ ልጆቹን ሊያሳድግ ነው፣ ቤቱም አይቀርም ትበላት። በዛው ያንተንም የሌሊት ሥራ ሳትነግራት እንዳትዘጋ፣ አለበለዚያ እኔ እነግራታለሁ፣ ቁጥሯ አለኝ።

ሌላው፣ በነሐሴ ና። ቲኬቱን እንካፈላለን፣ ሶፋው ይዘረጋል፣ ናቲ ጀማል የሚባል አጎት እንዳለው ያውቃል ግን ፊትህን በፎቶ ነው የሚያውቀው።

ቅጹን የማስገባው በወሩ መጨረሻ ነው፣ ከእማ ጋር ሳይጨርሱልኝ ማስገባት አልፈልግም። ከዛ በፊት ደውልልኝ፣ ከመኪና ውስጥ ሆነህ ግን አይደለም፣ ከነዳህ አላነሳም።

ጌታቸው