ለልጄ፦ ቲንቱን ከማስለጠፍሽ በፊት

ለገጣፎ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቨርጂኒያ የገዛሻትን አውቶሞቢል ቲንት (መስታወት የሚያጠቁረውን ስስ ላስቲክ) ላስለጥፍ ነው ስላልሽኝ፣ ብር ከመክፈልሽ በፊት ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

የቨርጂኒያ ሕግ የሚያየው መስታወቱን አልፎ የሚገባውን ብርሃን ነው። በፊት በሮች ቢያንስ 50 በመቶ፣ በኋላ በሮችና በኋላው መስታወት ቢያንስ 35 በመቶ ማለፍ አለበት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሩ የቲንቱ ብቻ አይደለም፤ መስታወቱና ቲንቱ ተባዝተው የሚወጣው ነው። ባዶው መስታወት ራሱ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 80 በመቶ ነው የሚያሳልፈው። 75 በሚያሳልፍ መስታወት ላይ 50 የሚል ቲንት ከተለጠፈ 37.5 ይሆናል፤ በፊት በር ላይ ያስቀጣሻል። ስለዚህ ለፊት በሮች 70 የሚለውን ውሰጂ፣ 52.5 ይሰጥሻል። ለኋላ 50 የሚለው ይበቃል። 35 የሚለውን ከኋላ ብታስለጥፊ ወደ 26 ይወርዳል፤ ሻጩ «ሕጉ 35 ነው» ቢልሽ እሺ እንዳትይው። ባዶውን መስታወት በብርሃን መለኪያ አንብበው ያሳዩሽ፣ ሲጨርሱም እንደገና ይለኩልሽ። መለኪያ የሌለው ቤት አትግቢ።

የፊት መስታወቱን ተይው፤ ከላይ ጠርዙ አጠገብ ካለው የኤ ኤስ 1 መስመር (መስታወቱ ላይ AS1 ተብሎ ከተጻፈው ምልክት) በታች አይፈቀድም። የሜሪላንድ ታርጋ ያላት የጓደኛሽ መኪና ከፊትም ጠቁራ ብታዪ፣ እዚያ ወሰኑ 35 ስለሆነ ነው፤ ላንቺ አይሠራም።

ሙቀቱን የምትፈሪ ከሆነ ጥቁረት አትፈልጊ። ፈካ ያለ ሴራሚክ ቲንት ከርካሹ ጥቁር ይልቅ ሙቀት ይመልሳል። ቀለም ብቻ የተነከረው ፀሐይ ሲመታው ወደ ሐምራዊ ይቀየራል፤ ብረት የተቀላቀለበት ደግሞ የስልክና የጂፒኤስ ሲግናል ያዳክማል።

የሚለጥፉበትን ቦታ እዪ። እዚህ በየመንገዱ ዳር ደጅ ላይ ሲለጠፍ የአቧራ ቅንጣት ከሥር ይገባል፤ ጠጋ ብለሽ ስታዪው እንደ ጤፍ ፍሬ ጎልቶ ይታያል። የውሃ እብጠት ሲደርቅ ይጠፋል፣ አቧራ ግን ካልተላጠ አይወጣም። ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተው የሚሠሩትን ምረጪ።

ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን መስታወቱን አታውርጂ፤ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ ይቆይ። አሞኒያ ባለው ማጽጃ አታጽጂው። ከኋላ መስታወት ላይ አሮጌ ቲንት ካለ በእንፋሎት እያሞቁ ይላጡት እንጂ ምላጭ እንዳያስነኩት፤ የማሞቂያው ቀጫጭን መስመር አንዴ ከተቆረጠ በክረምት ጉም አይጠርግልሽም።

መለኪያው ያሳየውን ቁጥር በስልክ አንሺና ላኪልኝ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ