ኮፍያው ያምራል፣ ጆሮሽስ?

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የላክሽውን ፎቶ አየሁት። ኮፍያው ያምራል፤ ቀለሙም ሄዶብሻል። ጆሮሽ ግን ምን በድሎሽ ነው ውጭ የተውሽው? አናት ላይ ቁጢጥ የሚል ኮፍያ ፋሽን መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ብርድ ሲበረታ መጀመሪያ ከሚጎዱት ውስጥ ጆሮና አፍንጫ አሉበት። ስስ ናቸው፣ ወጣ ብለው ነው ያሉት፣ ነፋሱም በቀጥታ ያገኛቸዋል።

ያልወደድሽውን ኮፍያ ደግሞ እንደማታደርጊው አውቃለሁ። ቦርሳ ውስጥ ነው የሚከርመው። ስለዚህ ዝም ብለሽ ወፍራም ነገር ድፊ አልልሽም። አምሮሽ፣ ተመችቶሽ፣ ሳታወልቂው የምትውይበትን እንፈልግ።

"ግማሹ የሰውነት ሙቀት የሚወጣው በጭንቅላት ነው" ብዬም አላስፈራራሽም። እውነት አይደለም። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከጠቅላላው የሰውነት ገጽ 10 በመቶ ቢሆን ነው፤ የሚያወጣው ሙቀትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወሬው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር ካደረገው ሙከራ ነው ይባላል። ሰዎቹ ከአንገት በታች በብርድ መከላከያ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጭንቅላታቸው ብቻ ባዶ ነበር። ታዲያ ሙቀቱ በየት ይውጣ? አንቺም ወፍራም ካፖርት ለብሰሽ ጭንቅላትሽን ባዶ ስትተዪው ነገሩ ያው ነው።

ስትገዢ መጀመሪያ ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቢ። ከምን እንደተሠራ እዚያ ላይ አለ። ጥጥ ከሆነ ለከባድ ብርድ አይሆንም። ላብና በረዶ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡ ደግሞ ራሱ ያቀዘቅዝሻል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ርካሽ ነው፣ አያሳክክም፣ ቶሎ ይደርቃል። ግን ስትጣደፊ ላብሽን አፍኖ ይይዘዋል፤ ብዙ ሳይቆይም ፊቱ ላይ ትንንሽ የክር እንክብል ያወጣል። ፍሊስ የሚባለው ለምለም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ለስላሳና ቀላል ነው፤ ነፋስ ግን ያሳልፋል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ሱፍ ነው። የተጠማዘዙት ጭረቶቹ፣ ማለት ቀጫጭን የሱፍ ፀጉሮቹ፣ በመሃላቸው አየር ይይዛሉ፤ የሚያሞቅሽ ያ አየር ነው። የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ቢጠጣ እንኳ ቆዳሽ ላይ እርጥብ ሆኖ አይሰማሽም።

ያሳክከኛል ትያለሽ። ትንሽ ሆነሽ የሱፍ ሹራብ ስናለብስሽ ቤቱን በለቅሶ ታቀልጪው ነበር። የሚያሳክክሽ ግን ሱፍነቱ ሳይሆን የጭረቱ ውፍረት ነው። ወፍራም ጭረት ጫፉ አይታጠፍም፣ ቆዳ ይወጋል። ቀጭኑ ጭረት ግን ቆዳ ሲነካ ይተኛል። ውፍረቱ ወደ 30 ማይክሮን ሲጠጋ መውጋት ይጀምራል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚገኘው ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 በታች ነው። ካሽሚር የሚባለው ለስላሳ የፍየል ፀጉር ደግሞ በአማካይ ከ19 አይበልጥም፤ ዋጋው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ኮፍያው ላይ ላይጻፍ ይችላል። ስለዚህ አንገትሽ ላይ አድርገሽው ትንሽ ቆዪ። በመዳፍሽ አትፈትኚው፣ የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ነው። አንገትሽ ከቻለው ግንባርሽም ይችለዋል።

ፀጉርሽን እንዳትረሺ። ለጥቅልል ፀጉር ሱፍም ጥጥም ደግ አይደሉም። ቅባቱን ይመጥጡበታል፣ እየታሸም ይሰባበራል። ገበሩ ሳቲን የሆነ ፈልጊ። ካጣሽ ቀጭን የሳቲን ሻሽ ከስር አስረሽ ከላይ ድፊበት።

ልኩን በሜትር ለኪ። ከቅንድብሽና ከጆሮሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ፣ ከኋላ በጣም ወጣ ባለው በኩል አዙሪው። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ተሠርተሽ ለኪ፤ አለበለዚያ ግንባርሽን ሲጨምቅሽ ይውላል። ከዚያ ጠርዙን በሁለት እጅሽ ሳብ አድርገሽ ልቀቂው። ወደ ቦታው ካልተመለሰ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይንሽ ላይ ይወርዳል። ጠርዙ የሚታጠፍ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጆሮሽ ላይ ድርብ ይሆንልሻል፣ ያምርማል።

ስለ ማማሩ ብዙ አልልም፣ ከእኔ አንቺ ታውቂበታለሽ። "ክብ ፊት ላላት ይህ፣ ረዥም ፊት ላላት ያ" የሚለውን ምክር ግን ብዙም አላምንበትም። መስታወት ፊት አድርገሽ እዪው፣ በቃ። ከላይ የክር ኳስ ያለውን ከወደድሽ ደግሞ የካፖርትሽን ቆብ ከላይ ደርበሽ ሞክሪ። ኳሱ ገፍቶ ያወልቅብሻል፣ ነፋስም በጎን ይገባል።

አጥበሽ እንዳታበላሺው ደግሞ። ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት የሚሆን ነው የሚወጣው። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና ነከር አድርጊው። አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ጫን ጫን አድርጊና ዘርግተሽ አድርቂው። ከሰቀልሽው ይረዝማል።

የጭንቅላትሽን ልክ ለክተሽ ጻፊልኝ። አክስትሽ ሹራብ መሥራት ጀምራለች፣ የሜሪኖ ክርም ገዝታለች። ቀለሙን ዛሬውኑ ካልነገርሻት ራሷ መርጣ እንደምትጀምር ታውቂያታለሽ።

የምትወድሽ እናትሽ