ኮሶ ሁሉ አንጎል ውስጥ አይገባም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ኮሶ ትል ያወጣችሁት ጽሑፍ ሰፈራችንን አዳርሷል። ያነበበው አነበበ። ያላነበበው ደግሞ «ቁርጥ የሚጥል በሽታ ያመጣል» የምትለዋን ርዕስ ብቻ ይዞ ሄደ። እኔ ብዙ ዓመት ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ሰገራ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያስቀና ሥራ አይደለም። የኮሶ ወሬ ሲነሳ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ጎረቤቴ የ12 ዓመት ልጅ አላት፣ የሚጥል በሽታ አለበት። ርዕሳችሁን አንድ ሰው ነገራት። «በቃ የልጁ ነገር ኮሶ ነው» ብላ ክኒኑን አስቆመችው፣ ኮሶ አስወቅጣ በጥብጣ አጠጣችው። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ምድጃው አጠገብ ወደቀ። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ቀኝ እጁ ፍሙ ላይ አርፎ ተቃጥሏል፣ ሦስት ሰው ከቦ ቆሟል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይዞለታል፣ የሚነካው ግን የለም፤ አረፋው ይጋባል ተብሎ። አይጋባም። ከእሳቱ ጎትቼ በጎኑ አስተኛሁትና እስኪነቃ ጠበቅኩ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አይከተትም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

አሁን ወደ ትሉ። እኛ የለመድነው ኮሶ የበሬው ነው፣ ታኒያ ሳጂናታ ይባላል። ከቁርጥና ከለብለብ ክትፎ ጋር ይገባል፣ አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል፣ ቁራጮቹ በራሳቸው እየተንፏቀቁ ይወጡና ሰውን ሱሪው ውስጥ ያሳቅቁታል። ስንቱ ነው በክብሪት ቀፎ ይዞልኝ የመጣው! ያስጠላል እንጂ ይሄኛው አንጎል ውስጥ አይገባም። እንቁላሉ እጭ የሚሆነው ከብት ውስጥ ነው፣ ሰው ውስጥ አይደለም።

አንጎል የሚገባው የአሳማው ትል ነው፣ ታኒያ ሶሊየም። ይህን ስነግራቸው ሰዎች እፎይ ይላሉ፤ «እኛ መቼ አሳማ በላን?»። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው ትሉን የሚያበቅለው አንጀቱ ውስጥ ነው። ከዚያ ሰው ሰገራ ጋር የትሉ እንቁላል ይወጣል፣ እጁን በደንብ ካልታጠበ ምግብ ላይ ያርፋል፣ በውሃ በሰላጣም ይዞራል። አንጎሉ የሚጎዳው እንቁላሉን የዋጠው ሰው ነው፣ እሱ አሳማ በዓይኑም ላያይ ይችላል። እንቁላሉ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ በደም ተሳፍሮ ጡንቻ ጋ፣ ዓይን ጋ፣ አንጎል ጋ ይደርሳል። እዚያ አተር የምታክል ውሃ የቋጠረች ከረጢት ይሆናል። ዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ሊቀመጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰውየው መውደቅ የሚጀምረው እጩ መሞት ሲጀምርና አንጎሉ ሲያብጥበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 እና 91 ኒውዮርክ ውስጥ የሆነውን ስሙ። አራት ሰዎች አንጎላቸው ውስጥ የአሳማ ትል እጭ ተገኘባቸው። አራቱም ኦርቶዶክስ አይሁዶች ናቸው፣ እንደኛ አሳማ በደጃቸው አያልፍም። ሐኪሞቹ ሲያጣሩ ነገሩ ትሉ ካለበት አገር መጥተው በእነዚያ ቤቶች ምግብ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ተያያዘ። ይህን የምለው ሠራተኛ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፣ የኛም እህቶች ቤይሩትና ሪያድ የሰው ማድቤት ውስጥ ናቸው። ትሉ ያለበት ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ አንድ ጊዜ መድኃኒት ቢሰጠው ግን ይድናል።

ሌላው ኢንዶኔዥያ ነው፣ ፓፑዋ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፓንያይ ሐይቅ አካባቢ ሐኪም ቤት የሚመጣው የተቃጠለ ሰው በዛ። ነገሩ ግራ አጋባ። በኋላ ሲታይ ሰዎቹ ሌሊት እሳት አጠገብ እንደተኙ እየጣላቸው ነው የሚቃጠሉት። ትሉ የገባው ከባሊ ደሴት በመጡ አሳማዎች እንደሆነ ይታመናል። የጎረቤቴን ልጅ እጅ ሳይ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትሉ በተስፋፋበትና አሳማ ሜዳ ለሜዳ በሚለቀቅበት አካባቢ ከሚጥል በሽታ ወደ 30 በመቶ የሚሆነው በዚህ ሰበብ ነው። ሩቅ አይምሰላችሁ። ታንዛኒያ አለ፣ ምዕራብ ኬንያ አለ፣ ብዙ ልጆቻችን ሱቅ ከፍተው የሚኖሩበት የደቡብ አፍሪካው ኢስተርን ኬፕም አለ። ይህ ማለት ግን የወደቀ ሁሉ ትል አለበት ማለት አይደለም። የወሊድ ችግር አለ፣ የጭንቅላት ጉዳት አለ፣ ማጅራት ገትር አለ፣ ምክንያቱ ጭራሽ የማይታወቅም ሞልቷል።

የሙያ ነገር ልጨምር። የሁለቱ ትሎች እንቁላል በማይክሮስኮፕ አንድ ነው፣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ታኒያ» ብለን እናልፋለን። የሚለየው ቁራጩ ነው፦ መሐሉ ላይ ያለው ማህፀን የበሬው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎኑ ከ15 በላይ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ የአሳማው ከ13 አያልፍም። እና እባካችሁ አትጣሉት፣ አምጡልን። ክብሪት ቀፎም ቢሆን ግድ የለም።

ደግሞ የሚጥለው ሰው በገዛ ፈቃዱ የትል መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ አይዋጥ። አንጎል ውስጥ እጭ ካለ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ይገድለውና እብጠቱ ይብሳል። መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይታያል፣ ከዚያ ሐኪሙ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ጨምሮ ያዛል። የሚጥል በሽታ ክኒን ደግሞ ኮሶ ተጠጣ ተብሎ አይቋረጥም።

ስለዚህ ርዕሷን አስተካክሉልን። እርማቱንም ታች ጥግ ላይ ሳይሆን ርዕሷ የነበረችበት ቦታ አድርጉት።

ልጁ ክኒኑን እንደገና ጀምሯል፣ እጁም እየዳነ ነው። እናቱ ግን ክብሪቷን አሁንም መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ነው የምትዞረው። ትናንት ጠየቅኳት። «ለእሳት ነው» አለችኝ።

አንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ