ለሚጥሚጣዬ፣ ከአህመዳባድ

ጥር 4 ቀን

ውድ ሚጥሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ጠፍቶ «እንደምን ሰነበትሽ» ማለት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። መጀመሪያ ስደቢኝ። ስትጨርሺ አንብቢው።

የምጽፍልሽ ከሕንድ ነው። መሥሪያ ቤት ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ልኮኝ አህመዳባድ ነኝ፣ ጉጃራት በሚባለው ክፍለ ግዛት። ስለ ሥልጠናው የምነግርሽ ነገር የለኝም። ስላይድ፣ ሻይ፣ ደግሞ ስላይድ። አሥር ሰዓት ላይ ሲለቁን ግን ባጃጅ ይዤ ወደ አሮጌው ከተማ ነው። አዎ፣ ባጃጅ። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ሆነ እንጂ ጠባዩ የኛው ነው። ሾፌሩ ዋጋ ሲጠራ ዓይን ዓይንሽን አያይም። አሮጌው ከተማ ጫፍ ላይ ያወርደኛል፣ ከዚያ በእግሬ ነው። ውስጥ ውስጡን ሞተር ሳይክል፣ ጋሪ፣ ላምና ሰው በአንዲት ቀጭን መንገድ ይተላለፋሉ። ላሚቱ ትቅደም ነው ሕጉ።

ከተማውን በ1411 የቆረቆረው ሱልጣን አህመድ ሻህ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ ከኛው ጋር ስቀላቅለው ለራሴም ይጠፋኛል።) በ2017 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ከሕንድ ከተሞች የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሰፈሮቹን «ፖል» ይሏቸዋል። አንድ በር፣ አንድ ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ፊታቸው የተፈለፈለ የእንጨት ቤቶች። መሃል ላይ ደግሞ በግንድ ላይ የቆመች ትንሽ ቤት አለች፣ ቻቡትሮ የሚሏት። ለወፎች እህል የሚቀመጥባት ናት። ለሰው እንኳ በጠበበ ሰፈር ለወፍ ቤት ሠርተውላታል።

በሁለተኛው ቀን ጠፋሁ። ፖሎቹ በውስጥ ለውስጥ ቀዳዳ ይገናኛሉ። አገሩን የሚያውቅ ያቋርጥበታል፣ እኔ ግን እገባና የሰው ጓዳ ላይ እወጣለሁ። ሦስት ጊዜ ዞሬ እዚያው ቻቡትሮ ሥር ስደርስ፣ ደጃፋቸው ላይ እሸት አተር የሚፈለፍሉ አንዲት እናት አይተውኝ ሳቁ። «ቤን!» ብለው ጠሩኝ። እህት ማለት ነው። እዚህ ሴቱ ሁሉ ቤን፣ ወንዱ ሁሉ ባይ ነው። አስቀመጡኝና በብርጭቆ አሬራ አመጡልኝ። አሬራ! ቻስ ይሉታል፣ ጨውና ከሙን ጣል አድርገውበት።

የገና ጾም ላይ ነበርን እኮ። እንዴት ልንገራቸው? አብራኝ የምትሠለጥን ልጅ ያስተማረችኝ ቃል ትዝ አለኝ፤ «ኡፕቫስ» አልኳቸው። ጾም። ፊታቸው በራ። ገባቸው! ፈጠን ብለው ገቡና ትኩስ ወተት በስኳር ይዘው ወጡ።

ለካ እነሱ ሲጾሙ የሚተዉት እህሉን ነው፣ ወተትና ፍራፍሬ የጾም ምግብ ነው። እኔ ደግሞ እህሉን እንጂ ወተቱን አልነካም። በምልክት ስንከራከር ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በመጨረሻ ሙዝና ኦቾሎኒ ላይ ታረቅን። የመውጫውን መንገድ አንድ ትንሽ ልጅ አሳየኝ፤ ለካ በሩ ሃያ እርምጃ አልሞላም።

ጾመኛ ባልሆን ኖሮ ግን ይህችን ከተማ እንዲህ አላውቃትም ነበር። ብዙው ሰው ሥጋ አይበላም። የጄይን እምነት ተከታዮችማ ሽንኩርትና ድንች እንኳ አይነኩም፣ ከመሬት የሚነቀል ሥር ነው ብለው። ስለዚህ የመንገድ ምግብ ሻጩ «ይህ አለበት? ያ የለበትም?» መባል ለምዷል። ችግሩ ቅቤ ነው። «ያለ ቅቤ አድርግልኝ» ስትዪው አዝኖ ነው የሚያይሽ። የታመምሽ ይመስለዋል።

ሽምብራን ግን የማያደርጉት የለም። ካማን የሚሉት አለ፤ የሽምብራ ዱቄት ተበጥብጦ በእንፋሎት ይበስላል፣ እንደ ዳቦ ይነፋል፣ ቢጫ ነው። ላዩ ላይ በዘይት የተንጣጣ የሰናፍጭ ፍሬና ቃሪያ ይደፋበታል። ፋፍዳ ደግሞ አለ፤ እንደ መቀነት የረዘመ፣ ጥርስ ሲነካው ኩርሽም የሚል፣ ያው የሽምብራ ጥብስ። ውስጡ ምን እንዳለ ገምቺ። ነጭ አዝሙድ! ሳኝከው ደነገጥኩ። እሑድ ጠዋት ሰዉ ተሰልፎ ፋፍዳ ከጃሌቢ ጋር ይገዛል፣ ጨዋማው ከጣፋጩ። አብሽን ደግሞ ቅጠሉን ነው የሚበሉት። ከትፈው በሽምብራ ሊጥ ለውሰው ይጠብሱታል። እኛ ፍሬውን ብቻ ይዘን ቅጠሉን ረስተነው ኖረናል።

ራይፑር በር አጠገብ አንዱ ጥብስ ሻጭ ፊት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ዱቄቱ የጋለ ዘይት ነክቶ ሽታው ወጣ። ሚጥሚጣዬ፣ የእማማ ሽሮ ነው። በወተት ጣሳ ሞልተው፣ አፉን በፌስታል አስረው ዶርም የሚልኩልን። ካንቺ ሚጥሚጣ ብልቃጥ ጋር። ደርቄ ቀረሁ። ሰውዬው «ቤን? ቤን?» ይለኛል፣ እኔ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ጭሱ ነው አልኩት በእጄ። ጭስ አልነበረም።

ቆይ፣ እዚህ ላይ አልመለስበትም። ማኔክ ቾክን ላሳይሽ።

አንድ አደባባይ ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ልብስ የሚቀይር። ጠዋት አትክልት ተራ፣ ቀን የወርቅና የብር ገበያ። ማታ ወርቅ ሻጮቹ ሲዘጉ ደጃቸው ላይ ምጣድና የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ እስከ ሌሊት ድረስ ይበላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ማልደው የወርቅ ቤቶቹን ደጅ የሚጠርጉት ሰዎች ናቸው። የጽዳት ሠራተኞች እንዳይመስሉሽ። አቧራውን ሰብስበው ይወስዱታል። አጥበው አጣርተው፣ ከአንጥረኛው ልብስና እግር ላይ የረገፈውን የወርቅ ብናኝ ያወጡበታል። መተዳደሪያቸው ነው። እኔ ቆሜ ሳያቸው አንዷ በመጥረጊያዋ እግሬን ገፋ አደረገችው። የቆምኩት እንጀራዋ ላይ ነበር።

አደባባዩ ስሙን ያገኘው ማኔክናት ከሚባል መናኝ ነው። ሱልጣኑ የከተማውን ግንብ ሲያስገነባ መናኙ ቀን ቀን ምንጣፍ ይሠራል፣ ማታ ክሩን ይተረትረዋል፤ እሱ ሲተረትር የዕለቱ ግንብ አብሮ ይፈርሳል ይባላል። መቃብሩ እዚያው ገበያው መሃል ነው። ትንሽ አለፍ ስትዪ የሱልጣኑ የራሱ መቃብር። ከሱ ማዶ የንግሥቶቹ፣ ራኒ ኖ ሀጂሮ የሚሉት፤ ዙሪያውን ቀሚስና ጌጣጌጥ ይሸጥበታል። ለልጅሽ መስታወት የተሰፋበት ቀሚስ የገዛሁት እዚያ ነው። ሻጯ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ። አስቤ አስቤ ጣቴን ስድስት አድርጌ አሳየኋት። ስድስት ናት አይደል?

ስለ ማታው ምግብ ብዙ አልነግርሽም፣ ይርብሻል። አንድ ነገር ግን ይቅር ይበላቸው፤ ዳቦ ውስጥ ቸኮሌት አድርገው ላዩን አይብ ይፈገፍጉበታል። ወጣቱ ተጋፍቶ ይበላዋል። እኔ ለማየትም ከበደኝ።

ፓኒ ፑሪን ግን ብታዪው! ሻጩን ከባችሁ ትቆማላችሁ። ፊኛ የመሰለች ደረቅ ጥብስ አንስቶ በአውራ ጣቱ ይበሳታል፣ ድንችና ሽምብራ ይከታል፣ ናናና ቃሪያ ያለበት ውኃ ውስጥ ይነክራትና ያቀብልሻል። አንዷን ዋጥ ሳታደርጊ ሌላዋ ትመጣለች። ጉርሻ ነው በቃ፣ እጁ አፍሽ አልደረሰም እንጂ። ስትጨርሺም ምርቃት አለው፣ አንዲት ያለ ውኃ። እኔ መቼ እንደሚቆም አላወቅኩም፣ እሱ እስኪበቃኝ ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እንዳላስቀይም እበላለሁ። አሥራ አራት። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቂኝ። ሁለት ቀን ከሥልጠና ቀረሁ። ስላይዱ አልናፈቀኝም።

አሁን ደግሞ እኛን ወደሚነካው። ከአደባባዩ በእግር ወደ ላል ዳርዋጃ ሄድሽ፣ መኪና የሚዞርበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ መስጊድ አለች። የሲዲ ሰይድ መስጊድ። ሲዲ ሰይድ ሀበሻ ነው። በየመን በኩል ወደዚህ የመጣ፣ መጀመሪያ ባሪያ የነበረ፣ ኋላ በጉጃራት ሱልጣኖች ዘመን ትልቅ ሰው የሆነ። መስጊዱን ያሠራው በ1573 ገደማ ነው፣ አክባር የሚባለው የሙጋል ንጉሥ ጉጃራትን በያዘበት ሰሞን። መስኮቶቿን ብታዪ! ድንጋዩን እንደ ጥልፍ ፈልፍለውታል። ዛፍ ነው፣ ቅርንጫፉ እየተጠማዘዘ ቅስቱን ሞልቶታል፣ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል። ዛሬ የከተማዋ ምልክት ነው፤ እዚህ ያለው ስመ ጥር የማኔጅመንት ተቋም እንኳ ዓርማውን ከሱ ነው የወሰደው። ነጠላዬን ተከናንቤ ውጪ ቆሜ አየሁት። አንድ ሽማግሌ ከየት ነሽ አሉኝ። «ኢትዮጵያ» አልኩ፣ አልገባቸውም። «ሀበሻ» ስላቸው ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠቆሙ። ከዚያ መንገደኛውን ሁሉ ጠርተው አሳዩኝ። ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች አስመሰሉኝ።

ከመስጊዱ ትንሽ አለፍ ብሎ ሻይ ቤት አለ። ስሙ ላኪ ነው። በእንግሊዝኛው ዕድለኛ ማለት መሆኑ ነው፣ እኔ ግን ሳነበው ፖስታ ጀርባ ላይ የሚጻፈው «ላኪ» ነው የመጣልኝ። ታውቂያለሽ ውስጡ ምን እንዳለ? መቃብር። በጠረጴዛዎቹ መካከል፣ አረንጓዴ የተቀቡ፣ በአጭር ብረት የታጠሩ መቃብሮች። ሻይ ቤቱ የተሠራው በመቃብሩ ቦታ ላይ ነው፣ ሙታኑን ሳያነሱ ወንበሩን ዙሪያቸውን አደረጉት። ጠዋት ጠዋት አበባ ያኖሩላቸዋል። አስተናጋጁ ሻይ ተሸክሞ ሳያይ ይዞራቸዋል፣ በቤቱ ያለውን ሶፋ እንደሚዞር ሰው። ግድግዳው ላይ ዝነኛው ሰዓሊ ኤም ኤፍ ሁሴን የሰጣቸው ሥዕል ተሰቅሏል።

ገናን የፈሰክሁት እዚያ ነው። ሌሊቱን ቅዳሴ በስልክ ተከታትዬ፣ ጠዋት ሄጄ ቅቤ የተሞላ ዳቦና ዝንጅብል ያለበት የወተት ሻይ አዘዝኩ። ዶሮ የለ፣ ጠላ የለ። ጠላማ ጭራሽ አይታሰብም፣ በክፍለ ግዛቱ መጠጥ ክልክል ነው። ያገኘሁት ወንበር ከአንዷ መቃብር ጎን ነበር። አጠር ያለች ናት። ሮዝ አበባ ተደርጎባታል። ፊት ለፊቴ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ክሪኬት ይጨቃጨቃሉ። ማንም ድምፁን ዝቅ አያደርግም።

እማማ ሲያርፉ ለሥራ ጅማ ነበርኩ። በማግሥቱ ሰማሁ። ስልክ አንስቼ ደወልኩልሽና ሳይጠራ ዘጋሁት። በስልክ አይሆንም፣ ለሣልስት እደርሳለሁ አልኩ። አልደረስኩም። አርባውን እደርሳለሁ አልኩ፣ የቀበሌ ጉዳይ ያዘኝ ብዬ ለራሴ ዋሸሁ። ሰማንያው ሲያልፍ በምን ፊቴ ልምጣ? ሙት ዓመቱ ዕለት ሰፈራችሁ ድረስ መጥቻለሁ። ድንኳኑን ከታክሲ ውስጥ አይቼ አልወረድኩም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሽሯቸውን አራት ዓመት የበላሁ ሰው ነኝ።

ዳቦውን ሳልጨርስ ወረቀት ፈለግኩ። አስተናጋጁ ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ ገንጥሎ ሰጠኝ። ቀና ስል ደግሞ ያ ስም። ላኪ። አሁን የፖስታው አልመሰለኝም፣ የምታዘኝ እናት ድምፅ ነው የመሰለኝ። እዚያው ጀመርኩልሽ፣ ይኸው አምስት ቀን ፈጀብኝ።

ከነገ ወዲያ እዚህ የካይት በዓል ነው (በክር ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ወረቀት)፣ ኡታራያን። መንገድ ዳር ሁሉ ክር ዘርግተው ሮዝ ቀለም ይቀቡታል፤ በሰማይ ላይ አንዱ የሌላውን ክር ለመቁረጥ ይሻማል። እነዚያ አተር ሲፈለፍሉ ያገኘኋቸው እናት ጣሪያቸው ላይ ጋብዘውኛል። ወተት እንደማይቀርልኝ አውቃለሁ። አሁን እጠጣለሁ።

ለአስተርእዮ ማርያም አገር ቤት ነኝ። ነጭ አዝሙድ አንድ ኪሎ ይዣለሁ፣ ቀሚሱንም። ስገባ በዚያው ሳምንት እመጣለሁ፣ ከዚያ እማማ ጋ ትወስጂኛለሽ። ስልክሽ ያው ነው? አልቀየርሽውም አይደል?

ያቺው ጠፊ ጓደኛሽ