ለውድ ደንበኞቻችን፦ በቤዝመንት መሣሪያ ክፍል ሥራ ላይ ስላደረግነው ለውጥ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ የላክንላችሁ አጭር ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ ተረድተናል። ማስታወቂያው ያለው ይህን ነበር፦ አየር ማውጫ ፋን፣ የወለል ፍሳሽ እና ለብቻው የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለው ቤዝመንት ውስጥ ከእንግዲህ የጨው ውሃ አኳሪየም መሣሪያ አንተክልም፤ ቀብድ የተከፈለበት ሥራም ቢሆን እነዚህ እስኪሟሉ ይቆያል። አንዳንዶቻችሁ «ዋጋ ለመጨመር የተፈለገ ሰበብ ነው» ብላችሁናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ለዓሣ ብለን ቤት እናፍርስ ወይ?» ስትሉ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። «ሰበብ» መባሉ ግን ከብዶናል፤ ስለዚህ ምክንያታችንን ከነቁጥሩ እናስረዳ።

ሥራው ስለተጓተተባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከሁሉ በላይ ያከራከረው አየር ማውጫው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ላይ ያለው አኳሪየምና ታች ያለው የማጣሪያ ገንዳ፣ ማለትም ሳምፑ፣ ተደምረው 800 ሊትር ከያዙ በቀን እስከ 10 ሊትር ውሃ ሊተን ይችላል። የዚህ ግማሽ እንኳ ታች ቢቀር በወር 150 ሊትር ውሃ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አየር ይገባል ማለት ነው። የቤዝመንት ግድግዳ በስተጀርባው አፈር ስላለ ቀዝቃዛ ነው። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ሲነካው ወደ ጠብታ ይለወጣል። የክፍሉ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲሰነብት ከጂፕሰሙ ጀርባ ሻጋታ ይይዛል፤ ከፊት ለፊት የሚታየው ደግሞ ከኋላ በደንብ ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ጎኑ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ ክፍል 21.6 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህ አየር በሰዓት 8 ጊዜ እንዲለወጥ ከተፈለገ በሰዓት 173 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፋን ያስፈልጋል። ቱቦው በተጠማዘዘ ቁጥር አቅም ስለሚበላ 250 የተጻፈበትን እንመርጣለን፤ እርጥበቱ 55 በመቶ ሲያልፍ በራሱ እንዲነሣም ከመቆጣጠሪያ ጋር እናያይዘዋለን። ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን፤ ወደ ውጭ በኩልም ዘቅዘቅ ይበል፤ አለበለዚያ ውስጡ የተጠራቀመው ጤዛ ተመልሶ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። በሩ ግርጌ ላይ ምትክ አየር የሚገባበት ሰፊ ፍርግርግ ከሌለ ፋኑ ይጮሃል እንጂ አየሩን አያንቀሳቅስም።

«እርጥበት መምጠጫ ማሽን ገዝቼ ባስቀምጥስ?» ያላችሁ አላችሁ። ማሽኑ ውሃውን ከአየር ይለያል፤ ሙቀቱን ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ይተወዋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ክፍሉ ሲሞቅ ውሃው ይሞቃል፤ ውሃው ሲሞቅ ማቀዝቀዣ ትገዛላችሁ፤ ማቀዝቀዣውም ሙቀቱን የሚተፋው እዚያው ነው። ለመጠባበቂያ ያህል ይጠቅማል፤ የፋኑን ቦታ ግን አይተካም።

አንድ ነገር ላይ ድርድር የለንም። በዚያው ቤዝመንት ውስጥ ጭሱን በጢስ ማውጫ የሚያስወጣ፣ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ካለ፣ ፋኑ አየር በሚስብበት ጊዜ ጭሱ ወደ ውጭ መሄዱ ቀርቶ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል። ማሞቂያው በተለየ ክፍል ካልተዘጋ፣ ወይም ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር በራሱ ቱቦ ከውጭ በሚያስገባ ዓይነት ካልተተካ ሥራውን አንቀበልም። በዚህ የተቀየሙን ደንበኞች አሉ። ቅያሜያቸውን ብንሸከም ይሻለናል።

ወደ ፍሳሹ እንለፍ። «ሳምፑ ራሱ ውሃውን ይይዝ የለም ወይ?» ለሚለው መልሱ፣ ሁሉ ነገር እንደታሰበው ከሄደ አዎ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ላይ ያለው ውሃ ግን ወደ አኳሪየሙ የሚመልሰው ቧንቧ አፍ ከውሃው ወለል በታች እስከሆነ ድረስ በቧንቧው ወደ ኋላ ይሳባል። ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር በሆነ አኳሪየም ላይ አፉ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ 63 ሊትር ይወርዳል። 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን 25 ሊትር። የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ 8 ሜትር ቧንቧ ደግሞ ለብቻው 10 ሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳምፑ በሥራ ላይ እያለ ይህን ሁሉ የሚቀበል ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ እኛም ከስሌቱ ላይ ሩብ ያህል እንጨምራለን። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቼክ ቫልቭ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። በጨው ውሃ ውስጥ ኖራማ ቅርፊትና ቱቦ የሚሠሩ ጥቃቅን ትሎች በክዳኑ ጠርዝ ላይ ይለጠፋሉ፤ ያን ጊዜ ቫልቩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አይዘጋም። ውሃው መሳቡን እንዲያቆም ከቧንቧው አፍ አጠገብ የምንበሳው አየር ማስገቢያ ቀዳዳም ቢሆን በየወሩ በጥርስ ብሩሽ ካልተጠረገ ይደፈናል።

ይህ ሁሉ በትክክል ቢሠራም ከተነነው ውሃ ምትክ የሚሞላው ተንሳፋፊ ቫልቭ አንድ ቀን ተነክሶ ይቀራል። የቧንቧ ውሃን ከሚያጠራው የውሃ ማጣሪያ ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ሌሊቱን ሙሉ ንጹህ ውሃ ሲያስገባ ያድራል፤ ወለሉ ይጥለቀለቃል፣ ጨዋማነቱም ይወርዳል። 40 ሊትር ከሚይዝ በርሜል ብቻ እንዲስብ ከተደረገ ግን 800 ሊትሩ ውስጥ ቢገለበጥ እንኳ ጨዋማነቱ በሊትር ከ35 ግራም ወደ 33 ግራም ገደማ ነው የሚወርደው፤ ዓሦቹም ኮራሎቹም ይቋቋሙታል። የወለሉ ፍሳሽ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሌሊት ነው። ወለሉ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ያዘንብል፣ ውሃ የማያሳልፍ ኢፖክሲ ቀለም ይቀባ፣ በሩ ላይም 10 ሴንቲ ሜትር ደፍ ይኑረው። ጨው ውሃ ባልተቀባ ኮንክሪት ውስጥ ሰርጎ ፌሮው ዘንድ ከደረሰ ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገቱም ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። የውሃ ማጣሪያውም ቢሆን ለእያንዳንዱ ንጹህ ሊትር ሦስት አራት ሊትር ስለሚጥል መጣያ ይፈልጋል።

ኤሌክትሪኩን የምናጠብቅበትን ምክንያት ለማየት በአንድ ያረጀ የመሣሪያ ክፍል ውስጥ ያለን ሶኬት መፍታት ይበቃል። ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው ከሚለየው መሣሪያ፣ ከስኪመሩ፣ አንገት ላይ አረፋው እየፈነዳ የሚረጨው ጨው አይታይም። ሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ግን ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል፤ ናሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ መጋጠሚያው ስለሚላላ ይሞቃል፤ ፕላስቲኩም ዙሪያውን ቡናማ ሆኖ ይጠበሳል። ስለዚህ ሶኬቶቹ ከሳምፑ በላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ ብለው ይተከላሉ፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲጎብጥ ይደረጋል፣ ጠብታው ከጉብጠቱ ላይ ወደ ወለል እንዲወድቅ። መስመሮቹ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ እያንዳንዳቸው ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ የራሳቸው ብሬከር ይኑራቸው። ሁሉም በአንዱ ላይ ከሆነ አንድ የተሰነጠቀ የአኳሪየም ውሃ ማሞቂያ ብሬከሩን ጥሎ የመመለሻ ፓምፑን ጭምር ያቆማል፤ ኦክስጅን ያልቅና ሲነጋ ዓሦቹ ሞተው ይገኛሉ። ማሞቂያውንም ለሁለት ከፍለን በተለያየ መስመር ላይ የምናደርገው ለዚህ ነው።

ከሳምፑ በላይ የመዳብ የውሃ ቧንቧ የሚያልፍባችሁ ካላችሁ ቀና ብላችሁ ተመልከቱት። ቧንቧው ቀዝቃዛ ስለሆነ ያልበዋል፤ ጨዋማው አየር አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ጠብታው ሳምፑ ውስጥ ይወድቃል። ትንሽ መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን ምግቡ ላይ ወይም መብራቱ ላይ ሲፈልግ ይከርማል። ቧንቧው ይዛወር፤ ካልተቻለ በደንብ ይሸፈን።

ፓምፑን በተመለከተም ቅሬታ ደርሶናል፤ «ካርቶኑ ላይ 10,000 ሊትር በሰዓት ይላል፣ ለምን ትልቁን ታስገዙናላችሁ?» የሚል። ያ ቁጥር ውሃው ወደ ላይ ሳይገፋ የሚለካ ነው። ፓምፑ ገፍቶ የሚያደርሰው 4 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከቤዝመንት 3.5 ሜትር ወጥቶ አኳሪየሙ የሚደርሰው ውሃ ኢምንት ነው። ከካርቶኑ ይልቅ ከፓምፑ ጋር የሚመጣውን የከፍታና የፍሰት ሠንጠረዥ እዩ። ቧንቧውን አንድ ደረጃ ማስፋት፣ በአንድ ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያ (ኤልቦ) ፋንታም ሁለት ባለ 45 መጠቀም ከምታስቡት በላይ ይረዳል።

አሁን ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንነጋገር። ፓምፑ፣ ፒቪሲው፣ አክሪሊኩ፣ ጨውም ሳይቀር ተወድዷል፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። ፋኑን፣ ወለሉንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ግን እኛ አንሸጥም። የራሳችሁ ግንበኛና ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም ወደ እኛ አትመጣም። በእኛ ፕሮፎርማ ላይ የጨመረው የፍተሻው ቀን ነው። ሙጫው 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ ሲስተሙን በንጹህ ውሃ እንሞላዋለን፣ ፓምፑን ሆን ብለን ደጋግመን እናጠፋለን፣ ዋናውን መውረጃ ደፍነን ውሃው ወደ ወለል ሳይፈስ በመጠባበቂያው ቧንቧ መውረዱን እናያለን። ይህን አስቀርተን ዋጋውን ዝቅ ማድረግ እንችል ነበር። ከአኳሪየም ሥር ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ ትንሽ ሳምፕ ከመግጠም ጀምረን እዚህ የደረስነው ግን ከሄድን በኋላ የማይፈስ ሥራ ስለምንሠራ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብራችሁን ያላችሁ ደንበኞች ወዳጆቻችሁን ያመጣችሁልን በዚህ ምክንያት ነው። እናንተን ማጣት አንፈልግም። ትንሽ ድርጅት ነን፤ አንድ ደንበኛ ሲሄድ ይሰማናል።

ቀብድ የከፈላችሁ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ዝግጅቱን በራሳችሁ ሰው አሠርታችሁ ስትጨርሱ መጥተን ያለ ክፍያ እናያለን፤ በቀድሞው ውል ዋጋም እንሠራላችኋለን፣ የፍተሻውን ቀን ለእናንተ አናስከፍልም። መተው የምትፈልጉ ካላችሁም ቀብዳችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ቅሬታም አንይዝባችሁም። ዝግጅቱን ለመጀመር የወሰናችሁ የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ፣ ከቤዝመንቱ ወለል እስከ አኳሪየሙ አፍ ያለውን ቁመት፣ በቤዝመንቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ነገር መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም በኮርኒሱ በኩል የሚያልፉትን ቧንቧዎች ፎቶ ላኩልን። የፋኑን መጠንና የሳምፑን ባዶ ቦታ አስልተን፣ ሶኬቶቹ የሚቀመጡበትንም ነድፈን ለግንበኛችሁ የሚሆን አንድ ገጽ ሥዕል በነጻ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት