አምስት ሳንቲሟና ወንዙ

ሰላም አዘጋጆች፣

የአዲስ አበባን የወንዝ ዳር ልማት ፎቶዎች ስታወጡ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ሆኜ እከታተላለሁ። ያምራሉ፣ አልዋሽም። መብራቱ አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ አበባው አለ። ሰው ግን የለም። ካለም ሰልፊ የሚነሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 እዚህ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። በዚያው ጥር ወር ከተማው ለእያንዳንዷ ፌስታል አምስት ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ። ጩኸቱ ሁሉ እኔ ላይ! አንዱማ ፌስታል አልገዛም ብሎ ጠርሙሶቹን ታቅፎ ሲወጣ አንዷ በሩ ላይ አመለጠችው፤ የጠረግኩት እኔው ነኝ። ለካ አብዛኛዋ ሳንቲም የምትሄደው አናኮስቲያ ለሚባል የዚሁ ከተማ ወንዝ ማጽጃ ኖሯል።

ይህን የተረዳሁት አናኮስቲያ ኮሚኒቲ ሙዚየም ስለ ከተማ ወንዞች ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ነው፣ እ.ኤ.አ. 2013 ላይ። የሰፈሩን ወንዝ ከሎስ አንጀለስ፣ ከለንደንና ከሻንጋይ ወንዞች ጎን አስቀምጠውታል። እኔን የያዘኝ ግን የውሃው ነገር ብቻ አልነበረም፤ ከወንዙ የተገፋው ማን ነው፣ ለመመለስ የታገለውስ ማን ነው የሚለው ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር በአብዛኛው የጥቁሮች ነው። ለዓመታት የከተማው ቆሻሻ ኬኒልወርዝ በሚባል ቦታ ሜዳ ላይ ይቃጠል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ የ7 ዓመት ልጅ እሳቱ ውስጥ ሞተ፣ ማቃጠሉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌው ቱቦ ደግሞ የዝናቡንና የሽንት ቤቱን ውሃ አንድ ላይ ስለሚሸከም ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሞልቶ ወንዙ ውስጥ ይገለበጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ትርፍ ውሃ የሚይዙት ትልልቅ የመሬት ውስጥ ዋሻዎች አልቀው ነገሩ በጣም ተሻሽሏል።

ሙዚየሙ ራሱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ አይጥ ኤግዚቢሽን አሳይቷል፣ ያውም ከነሕይወታቸው! የሰፈሩን ሰው ያስቸገረው አይጥ ነበራ።

ወደኛው ልምጣ። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተባለ። እኔ ያደግኩት ቀበና አጠገብ ነው። ወንዙ መጽዳቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም፣ ሽታውን አውቀዋለሁ። ግን እዚያ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩት፣ ክረምት ጎርፍ ዕቃቸውን የወሰደባቸው፣ አቃቂ በኩል በዚያው የፋብሪካ ፍሳሽ በገባበት ውሃ ቆስጣና ሰላጣ አብቅለው ከተማውን ያበሉት ሰዎች የት ገቡ? ከአዲሶቹ ፓርኮች በአንዱ አንዲት ክፍል ብትሰጣቸው ምናለ? የሕንፃ ሞዴል አይደርደርባት። ሠዓሊውም ፎቶ አንሺውም ይግባ፣ እነሱም ራሳቸው ይናገሩ፤ ከወንዝ ዳር ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡትም፣ ያልደረሳቸውም።

ክፍሏ እስክትገኝ እናንተ አንድ ገጽ ስጧቸው። ፎቶ ከጠፋ እኔ ጋ አንድ አለ። 1978 ዓ.ም. አካባቢ የተነሳ ነው፦ አክስቴ ቀበና ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ አንሶላ ታሰጣለች፣ እኔ ከጎኗ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬአለሁ። ልላክላችሁ?

አንባቢያችሁ፣
ከዋሽንግተን ዲሲ