ካሜራሽ ቀደም ብሎ ይድረስ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የላክሽውን የፊልም ቁራጭ ከእናትሽ ጋር አየነው። እሷ አለቀሰች፤ እኔ እንደ ልማዴ ጥያቄ ይዤ ተነሳሁ።

ጎዳና የሚያድሩትን ሰዎች በክብር ነው የቀረጽሻቸው። ሲያወሩ አላቋረጥሻቸውም። የሚያስለቅስ ሙዚቃም አልለቀቅሽባቸውም፤ ጎሽ! ግን ሁሉንም የምናገኛቸው ጎዳና ከወጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊትስ? ኪራይ የተጨመረበት ወር የለም። አከራዩ «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ» ያለበት ቀን የለም። ዕቃው በየዘመዱ ቤት ሲበተን፣ ሰውየው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ወለል ላይ ሲያድር አላየንም። ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በቀጥታ ጎዳና አይወድቅም። መጀመሪያ የሚያስጠጋው ሰው ነው የሚያልቅበት። እነዚህ በሰው ቤት ተጠግተው ያሉት አስፋልት ላይ ስለማይታዩ ቆጠራም ካሜራም ይስታቸዋል።

ይሄን ካላሳየሽ ተመልካቹ ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል። «ሱስ ነው፣ ስንፍና ነው» ይላል። ሱስ የለም አልልሽም። ግን ቤት ያለው ሰካራም ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ማንም ፊልም አይሠራበትም።

ለቤት አልባ ሰው ከሁሉ በፊት ቤት የመስጠቱን የፊንላንድ ነገር ደጋግሜ የማነሳብሽም ለዚህ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ላይ የጀመረው ሳም ሴምቤሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ድሮ «መጀመሪያ መጠጥህን ተው፣ ታከም፣ ከዚያ ቤት ይሰጥሃል» ነበር የሚባለው። እሱ ገለበጠው፤ ቁልፉ ይቅደም፣ ሕክምናው ይከተላል አለ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የአገር ፖሊሲ አደረገችው። የጋራ ማደሪያዎችን ወደ አፓርታማ ለወጠች። ነዋሪው በስሙ ውል ይፈርማል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ ድጎማም አለው። የቤት አልባው ቁጥር በጣም ቀነሰ። ፊልምሽ መፍትሔ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አይጠቁምም፤ እኔን የከፋኝ እሱ ነው።

ሌላው የፈቃድ ነገር ነው። ሰው ርቦት፣ በርዶት የፈረመው ወረቀት ምን ያህል ፈቃድ ነው? ነገ ቤት ሊከራይ ወይም ሥራ ሊያመለክት ሲሄድ ያ ፊቱ ኢንተርኔት ላይ ይጠብቀዋል። ከመለቀቁ በፊት ለራሱ አሳዪው። «ከፊልሙ አውጪኝ» ካለሽ አውጪው። ያቺን ተኝታ የቀረጽሻትን ሴትዮ ጠይቀሻታል? ካልጠየቅሻት ቁረጪው፤ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምርሽ።

ከቻልሽ ከእነሱ መሃል ሥራው ውስጥ የሚገቡ ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ዳርክ ዴይስ» የሚባለው ዘጋቢ ፊልም የቀረጻ ቡድኑ እዚያው የኒውዮርክ የባቡር ዋሻ ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎች የተውጣጣ ነበር። ታዲያ በደንብ ክፈያቸው፤ በነፃ እንዳታሠሪ።

አከራይም አናግሪ። ሰይጣን አድርገሽ ብቻ አትሳዪው፤ የባንክ ዕዳ አንገቱ የደረሰ አከራይም አለ። አዲሱን ቁራጭ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ እናትሽም ትጠብቃለች።

አባትሽ